ጠመንጃው የትኛው ክፍሉ ነው?

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ብትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ሊብሬውን ነው። ሊብሬው ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር። ነገሩ የገባው ገዢ መካኒክ ይዞ ይሄድና ኮፈኑን አስከፍቶ ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ጋር መግጠማቸውን ያረጋግጣል። ለምን ሁለት ሆነ? ሞተር ይወርዳላ! ይቀየራል፤ ለብቻውም ይሸጣል። ሻንሲው ሕጋዊ ሆኖ ሞተሩ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ያወቀ ሕግ ሁለቱንም ይመዘግባል።

ሰው የሚገድል ዕቃስ ስንት ቁጥር አለው? ማንስ መዝግቦታል? ይህን የማነሳው ዝም ብዬ አይደለም። በዜና አጻጻፍ ትምህርት ላይ ከጋዜጣና ከሬዲዮ ዜና እየሰበሰብን "ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት" ተመልሷል ወይ ብለን እንፈትሻለን። ስለ ሕገወጥ የጦር መሣሪያ የሚወጡትን ዜናዎች ስፈትሽ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መስለው ታዩኝ። ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ጥይት፣ በነዳጅ ቦቴ ወይም በአይሱዙ ተደብቆ ሲጓዝ፣ በኅብረተሰቡ ጥቆማ ተያዘ። አለቀ። ሽጉጡን ማን ሠራው? መጀመሪያ ለማን ተሸጠ? በስንት እጅ አልፎ ቦቴው ውስጥ ገባ? "ስንት" የሚለው ተመልሷል፤ "ከየት" የሚለው የለም። ሽጉጥ እንደ አደይ አበባ ከመሬት የሚበቅል ነው የሚመስለው።

እኔ የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሕግ የጦር መሣሪያን ቁጥር በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ሳይሆን በዋና ዋና ክፍሎቹ ሁሉ ላይ እንዲቀረጽ ማዘዝ አለበት። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በባለቤቱ እጅ ባለ ወረቀትና በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ ብረት ላይ ያለ ጭረት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ይህን ጉዳይ ለፖሊስ ብቻ መተው የለብንም፤ ጋዜጠኛ ነን ካልን ቁጥሩን መጠየቅ የኛም ሥራ ነው።

ስም አለን፣ ቁጥር የለንም

የኛ ሰው መሣሪያን በስሙ ያውቀዋል። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ ሲባል ማንም አዛውንት ቁመቱን፣ ድምፁንና ዋጋውን ይነግራችኋል። ታዲያ እነዚህ ስሞች እንዲያው የወጡ አይደሉም። ውጅግራ የፈረንሳዩ "ፉዚል ግራ" ነው። ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊኸር፣ ክላሽ ደግሞ የሩሲያዊው ክላሽንኮቭ ነው። ቤልጅግ ከነአገሩ ቤልጅየም ነው። ማለትም አያቶቻችን መሣሪያ በጠሩ ቁጥር የሠሪውን ወይም የተሠራበትን አገር ስም እየጠሩ ነበር።

የሚገርመው፣ ዛሬ የዓለም አቀፍ ስምምነቶች በመሣሪያ ላይ ይቀረጹ የሚሏቸው ነገሮች ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ እነዚሁ ናቸው፤ የአምራቹ ስምና የተመረተበት አገር። ሦስተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004) ናይሮቢ ላይ የፈረመችው የቀላልና አነስተኛ የጦር መሣሪያዎች ፕሮቶኮል እነዚህን ሦስቱን ይጠይቃል። ከዚያም አልፎ ምልክቱ የት ይቀረጽ ለሚለው በግልጽ መልስ አለው፤ በአፈሙዙ፣ በዋናው አካል ላይና ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ በላይኛው ተንሸራታች ክፍል ላይ። መሣሪያ ወደ አገር ሲገባም ያስገባው አገርና ዓመተ ምሕረቱ እንዲታወቅ ምልክት እንዲደረግበት ያዛል።

ሦስተኛው ነገር፣ ቁጥሩ፣ ለምን አስፈለገ ቢባል ስም የጋራ ቁጥር ግን የግል ስለሆነ ነው። "ክላሽ" ስንል በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት አበበ ቢኖሩ መምህሩ ከነአባት ስማቸው መጥራት ግድ ይለዋል። ቁጥር የመሣሪያ የአባት ስም ነው።

አንድ ቁጥር ምን ያህል ይናገራል?

ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 ዳላስ ውስጥ የሆነው ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉበት ዕለት ፖሊስ ከአንድ የመጻሕፍት መጋዘን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጠመንጃ አገኘ። ጣሊያን ሠራሽ ካርካኖ ነበር። ካርካኖ ለኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1928 ዓ.ም. የወረረን የፋሺስት ጦር እግረኛ የታጠቀው ይህንኑ ዓይነት ጠመንጃ ነው። የዳላሱ ጠመንጃ ላይ ሲ2766 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ነበር።

ኤፍቢአይ ቁጥሩን ይዞ ወደ አስመጪው ሄደ። በኒውዮርክ ያለው አስመጪ ይህ ቁጥር ያለውን ጠመንጃ ቺካጎ ላለ ክላይንስ ለሚባል ሱቅ ልኬዋለሁ አለ። የሱቁ ሠራተኞች በዚያው ሌሊት ማይክሮፊልም ሲያገላብጡ አድረው ሊነጋጋ ሲል የትእዛዙን ወረቀት አገኙ። ጠመንጃው በፖስታ የታዘዘ ነው፤ ዋጋው ከነመላኪያው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም፤ የተላከው ኤ. ሂደል ለሚባል ሰው በዳላስ ፖስታ ሣጥን ቁጥር። የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ሆኖ ተገኘ። አስቡት፤ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን፣ አንድ ቀን ሳይሞላ፣ ከጣሊያን ፋብሪካ የወጣ አሮጌ ጠመንጃ በሐሰት ስም ያዘዘውን ሰው አጋለጠ። ይህን ያደረገው ብረት ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አይደለም። አስመጪውም ሱቁም መዝግበው ስለያዙት ነው። ቁጥርና መዝገብ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም።

ያኔ ግን በአሜሪካ ቁጥር መቅረጽ ለሁሉም መሣሪያ ግዴታ አልነበረም። ብዙ ርካሽ ጠመንጃዎች ያለ ምንም ቁጥር ይሸጡ ነበር። ለሁሉም ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ነው። ሕጉ ፈቃድ ያለው አምራችና አስመጪ ሁሉ መለያ ቁጥር እንዲቀርጽ አዘዘ። ዝርዝሩ እስከ ጥልቀቱ ተደንግጓል፤ ዛሬ በአሜሪካ ቁጥሩ ቢያንስ 0.003 ኢንች የጠለቀ፣ ፊደሉም ከአንድ ኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ያላነሰ መሆን አለበት። ፕላስቲክ አካል ላይ ከሆነ ደግሞ ብረት ቅብ ተቀብሮበት በዚያ ላይ ይቀረጻል።

ይሁንና ሕጉ ቁጥሩን ያዘዘው በአንድ ክፍል ላይ ብቻ ነው። ፍሬም ወይም ሪሲቨር በሚባለው፣ ምላጩና መምቻው በሚቀመጡበት ዋናው አካል ላይ። በአሜሪካ ሕግ "ጠመንጃ" ማለት ይህ ክፍል ነው። አፈሙዙ፣ ሰደፉ፣ ካዝናው፣ የሽጉጡ ላይኛ ክፍል፣ ሁሉም እንደ መለዋወጫ ስለሚታዩ ያለ ቁጥር ይሸጣሉ። መኪናን በሻንሲ ቁጥር ብቻ መዝግቦ ሞተሩን እንደ ጎማ መቁጠር ማለት ነው።

በቀዳዳው የገባው

ሕግ አንድ በር ብቻ ከዘጋ ሰው በሌላው ይገባል። አሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። ነጋዴዎች አሰቡና "ፍሬሙ ካላለቀ ፍሬም አይደለም" አሉ። ጥቂት ቀዳዳ መብሳትና ጥቂት ፕላስቲክ መሞረድ ብቻ የቀረው ፍሬም ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር በአንድ ካርቶን አሽገው ያለ ቁጥር፣ ያለ መታወቂያ ማጣራት፣ በፖስታ ይሸጡ ጀመር። በዚህ መንገድ የተሠራውን ሽጉጥ ሕዝቡ "የሙት መንፈስ ሽጉጥ" አለው፤ ይገድላል እንጂ ዱካ የለውማ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የፖሊስ ተቋማት ዱካው እንዲፈለግ ለፌዴራሉ መንግሥት የላኩት እንዲህ ያለ መሣሪያ 1,600 ገደማ ነበር። በ2021 ከ19,000 በላይ ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአልኮል፣ የትምባሆና የጦር መሣሪያ ቢሮው ደንብ አውጥቶ እነዚህን ጥቅሎች እንደ ሙሉ መሣሪያ ቆጠራቸው፤ ቁጥር ይኑራቸው፣ ሻጩም ፈቃድ ያውጣ አለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ መጋቢት 26 ቀን 2025 ውሳኔ ተሰጠ፤ ሰባት ዳኞች ደንቡን ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። የአብላጫውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ጎርሰች ናቸው። ስለ አንዱ ጥቅል ሲያነሱ፣ ዕቃውን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው በ21 ደቂቃ የሚተኩስ ሽጉጥ እንዳደረገው ጠቅሰዋል። ገና ያልተገጣጠመ ጠረጴዛ ከሱቅ ገዝታችሁ ስትመጡ "ጠረጴዛ ገዛሁ" ትላላችሁ እንጂ "እንጨትና ብሎን ገዛሁ" አትሉም የሚል ይዘት ያለው ምሳሌም ሰጥተዋል።

እኔ በውሳኔው እስማማለሁ። ነገር ግን ክርክሩ ራሱ እዚያ ደረጃ የደረሰው ለምንድን ነው? ሕጉ ከመጀመሪያው አንድን ክፍል ብቻ "ጠመንጃው ይህ ነው" ብሎ ስለሰየመ ነው። አንድ ክፍል ከሰየምክ ያችን ክፍል ጨርሰህ አትሥራት፤ ያኔ ጠመንጃ የለም ይባላል። አምስት ክፍል ከሰየምክ ግን አምስቱንም ሳይጨርሱ መሸጥ አይቻልም፤ ማን ይገዛል?

ይህ ህልም አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለው መመሪያው አፈሙዝን፣ ፍሬምን፣ ላይኛውንና ታችኛውን ሪሲቨር፣ የሽጉጥ ተንሸራታችን፣ የሪቮልቨር በርሜልን የመሰለውን ጥይት መያዣና ጥይት ቆላፊውን ብረት "አስፈላጊ ክፍሎች" ብሎ ሰየማቸው፤ ሁሉም ምልክት እንዲኖራቸውም አዘዘ። በጣም ትንሽ ለሆነች ክፍል እንኳ ሙሉው ጽሑፍ ባይገባ ቢያንስ ቁጥሩ ወይም ኮዱ ይቀረጽባታል። ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ለዚህ እንግዳ አይደሉም። በድሮዎቹ ማውዘሮች ላይ ቁጥሩ በየክፍሉ ተደጋግሞ ይገኛል፤ በብዙ ክላሾችም ከዋናው አካል ሌላ በቆላፊው ብረትና በላይኛው ክዳን ላይ ይደገማል። የአንዱ ጠመንጃ ክፍል ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል የተደረገ ነው። ወታደር ለመሣሪያው ደኅንነት ያደረገውን ሕግ ለሰው ደኅንነት ቢያደርገው ምን ይጎዳል?

የአጎቴ ክላሽ ጉዳይ

አንዳንዱ "ይህ የፈረንጅ ጭቅጭቅ ነው" ሊል ይችላል። እስቲ በኛው ሰፈር የሆነ ልንገራችሁ። አጎቴ አርሶ አደር ናቸው፤ ባለ እንጨት ሰደፍ ክላሽ አላቸው። በአካባቢያቸው መሣሪያ ያለው ይመዝገብ ሲባል ወስደው አስመዘገቡ። የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የሰፈረው "ክላሽ፣ ብዛት አንድ" የሚል ነው። ቁጥሩ አልተጻፈም። ብረቱ ላይ ግን ነበረ፤ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ በጣቴ እየዳሰስኩ አንብቤዋለሁ።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጎረቤት ጠመንጃ ጠፋበት። ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አጎቴን አያቸውና "የኔ ጠመንጃ ነው!" አለ። ማስረጃው ሰደፉ ነበር፤ ተሰንጥቆ በመዳብ ሽቦ ያሰረበትን ቦታ አሳየ። ሽቦውም አለ። አጎቴ ደግሞ "የኔ ሰደፍ ተሰብሮ ይህን ከነሽቦው ከአንድ ሰው ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ጠመንጃው ግን የራሴ ነው" አሉ። የጎረቤትየውም ወረቀት እንደ አጎቴ "ክላሽ፣ ብዛት አንድ" ነበር የሚለው። ሁለት ሰው፣ ሁለት አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ጠመንጃ።

አጎቴ አምስት ቀን ታሰሩ። ጠመንጃው አፍ አውጥቶ ቁጥሩን እየተናገረ ወረቀቱ ግን ዲዳ ሆነ። በመጨረሻ ነገሩን የፈቱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አጎቴ ማሉ፣ ሰደፉም ተነቅሎ ለጎረቤቱ ተሰጠ። የጎረቤቱ ጠመንጃ ብረቱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ በለቅሶም አይገናኙም፤ የአጎቴ ሚስትም ወደ ወንዝ የምትወርድበትን መንገድ ቀይራለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽማግሌዎቹ የተጠየቁት ጥያቄና የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጠመንጃው የትኛው ክፍሉ ነው? ሰደፉ ነው? ብረቱ ነው? ዋናዎቹ ክፍሎች ተመሳሳይ ቁጥር ኖሯቸው ያም ቁጥር በወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ኖሮ ይህ ነገር በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ብዙዎቻችን ቁጥር ሲባል ወንጀለኛ ለመያዝ ብቻ ይመስለናል። ንጹሕ ሰውን ነጻ ለማውጣትም ነው።

ተቃዋሚዎች የሚሉት

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሦስት ተቃውሞ ገጥሞኛል፤ ሦስቱም የዋዛ አይደሉም።

የመጀመሪያው "ሌባ በሞረድ ይፍቀዋል" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይፍቃል። ግን ሁለት ነገር አለ። ቁጥር ብረት ላይ በምት ሲቀረጽ ከሥሩ ያለውንም ብረት ይጨምቀዋል። የሚታየው ቁጥር ቢፋቅም የተጨመቀው ከሥር ስለሚቀር መርማሪዎች አሲድ ቀብተው መልሰው ሊያነቡት የሚችሉበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግሞም አንድ ቁጥር መፋቅና አምስት ቁጥር መፋቅ አንድ አይደለም፤ አንዱን የረሳ ተያዘ። መፋቁ ራሱም ወንጀል መሆን አለበት። በአሜሪካ ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ መያዝ እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዌስት ቨርጂኒያ አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕገ መንግሥቱ በወጣ ጊዜ ቁጥር የሚባል ግዴታ አልነበረም ብለው ይህን ድንጋጌ ውድቅ አድርገውት ነበር። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ለሰላማዊ ዓላማ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ቁጥሩን የሚፍቅበት ምን ምክንያት አለው?

ሁለተኛው "በቤት የሚሠራውስ?" የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 የጃፓን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የተገደሉት ገዳዩ ራሱ በሠራው መሣሪያ ነው። ጃፓን ደግሞ በመሣሪያ ቁጥጥር ከዓለም ጥብቅ ከሚባሉት አንዷ ናት። ይህን ቁጥር አያስቆመውም፤ አልክድም። ግን በራችንን የምንዘጋው ሌባ ሁሉ በር ስለሚጠቀም አይደለም። አብዛኛው በበር ስለሚገባ ነው። በኛ አገር ዜና ላይ የምንሰማቸው ሽጉጦች ደግሞ ጓዳ የተሠሩ ሳይሆኑ ከፋብሪካ የወጡና ድንበር የተሻገሩ ናቸው። "ቱርክ ሠራሽ" የሚለውን ሐረግ ያልሰማ ማን አለ? ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ደግሞ መዝገብ አለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ "ምዝገባ የመቀማት መጀመሪያ ነው።" ይህን የሚለውን ሰው ወዲያው ሽፍታ አድርጎ መሳል ተገቢ አይደለም። ታሪክ አለው። ጣሊያን በገባ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀው ጠመንጃ ነበር። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት በተደረገው የመሣሪያ አሰሳ ምን እንደሆነ ወላጆቻችን ይናገራሉ። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን በአማራ ክልል የተነሳው ተቃውሞም ከዚህ ፍርሃት የተለየ አልነበረም። ሰው መሣሪያውን የሚያየው እንደ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ዋስትና ነው። "ማን ይጠብቀኛል?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይሰጡት "ቁጥርህን አምጣ" ቢሉት አያምንም።

የአሜሪካኖቹ መፍትሔ እዚህ ላይ ያስተምራል። እነሱም ይህ ፍርሃት ስላላቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ማዕከላዊ የባለ መሣሪያዎች መዝገብ እንዳያቋቁም ከለከሉ። ስለዚህ ፖሊስ አንድ መሣሪያ ሲያገኝ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ ለሚገኘው የዱካ ፍለጋ ማዕከል ቁጥሩን ይልካል። ማዕከሉ አምራቹን፣ ከዚያ አከፋፋዩን፣ ከዚያ ባለ ሱቁን ይጠይቃል፤ ባለ ሱቁ የመጀመሪያውን ገዢ ፎርም ያወጣል። አዝጋሚ ነው፤ ግን ስም የሚወጣው ወንጀል ሲኖር ብቻ ነው።

እኛ ይህን እንዳለ መገልበጥ አንችልም፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ የጠመንጃ ሱቅ በየከተማው የለንማ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የፈቃዱንና የምዝገባውን ሥራ የሰጠው ለፌዴራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ መዝገቡ በመንግሥት እጅ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ዋስትናው በሕግ ውስጥ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ። ከተመዘገበው ቁጥር ጋር ሙሉ ወረቀት ለባለቤቱ ይሰጠው። መዝገቡ የሚከፈተው የተወሰነ ወንጀል ወይም የባለቤትነት ክርክር ሲኖርና ማን እንደከፈተው ተጽፎ ብቻ ይሁን። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የስም ዝርዝር ለማውጣት አይዋል። ባለቤቱ መሣሪያው ሲሰረቅ "ተሰረቀብኝ" ብሎ ቢያመለክት የሚጠቀምበት እንጂ የሚጠረጠርበት አይሁን። ሰው መዝገቡ ለእሱም እንደሚሠራ በዓይኑ ሲያይ ራሱ ያስመዘግባል። አጎቴ ዛሬ ቁጥሩን የሚጽፍላቸው ቢያገኙ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ለኛ ለጋዜጠኞቹ

የመጨረሻው ነገር ለራሳችን ነው። ሕግ አውጪ አይደለንም፤ ፖሊስም አይደለንም። ነገ ግን ማይክሮፎን ይዘን መግለጫ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ሽጉጦችን ፎቶ አንስተን "በቁጥጥር ሥር ዋለ" ብለን የምንመለስ ከሆነ ከካሜራው በምን ተሻልን?

ቢያንስ አምስት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። መሣሪያዎቹ ላይ መለያ ቁጥር አለ ወይ? ካለ በየትኞቹ ክፍሎች ላይ ነው፤ ቁጥሮቹስ እርስ በርስ ይገጥማሉ? ካልተገጣጠሙ ወይም ከተፋቁ ይህ ራሱ ዜና ነው። ቁጥሩ ለአምራቹ አገር ተልኮ ዱካ እንዲፈለግ ተጠይቋል ወይ? የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ያጸደቀው የዱካ ፍለጋ ሰነድ አገሮች እርስ በርስ እንዲጠያየቁ የሚያደርግ መንገድ ነው። ከአሁን በፊት የተያዙትስ ዱካቸው የት አደረሰ? በመጨረሻም የተያዙት መሣሪያዎች አሁን የት ናቸው፤ ተመዝግበው ነው የተቀመጡት ወይስ ተወገዱ?

እርግጥ ነው ምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ ሁሉ አይነገርም። አንድ የተወሰነ ቁጥር አታሚ ሆነን የመርማሪን ሥራ እናበላሽ ማለቴም አይደለም። ጥያቄው መነሳቱ ግን ጠያቂ እንዳለ ያሳውቃል። ጠያቂ እንዳለ ያወቀ መዝጋቢ ደግሞ "ክላሽ፣ ብዛት አንድ" ብሎ ወረቀት አይሰጥም።

ለመኪና ሁለት ቁጥር የሚጽፍ አገር ለጠመንጃ አንዱንም ሳይጽፍ መቅረት የለበትም። በክፍላችን ውስጥ የሕግ ጉዳዮችን የሚከታተሉ፣ በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ወይም ከየአካባቢያቸው የተለየ ነገር የሚያውቁ ተማሪዎችና መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው፤ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።